ጠርሙስ ያልጫረ አልማዝ

ቅዳሜ የካቲት ስምንት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማቴዎስ ሰበታ ከተማ ውስጥ ተቀበረ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበር። የሞተው በጉበት ሕመም ነው።

ከመዝሙሩ በኋላ የመጀመሪያ ልጁ ሩት የሕይወት ታሪኩን አነበበች። ሆሳዕና አካባቢ መወለዱን፣ ሥራ ፍለጋ መምጣቱን፣ ማግባቱን፣ ልጆች ማሳደጉን በተረጋጋ ድምፅ አሰማች። ከዚያ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር መጣ፦ «በወጣትነቱ ቡራዩ በድንጋይ ቆረጣ ሥራ ላይ ሳለ፣ በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት የቀኝ ዓይኑን አጣ። እግዚአብሔር ግን በቀረችው ዓይኑ ልጆቹን ለማየት አበቃው።» ሕዝቡ «አሜን» አለ።

እኔ አላልኩም። በዜና ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ጎርፍ የወሰደው ሰው ሲወጣ፣ የተቃጠለ አውቶቡስ ሲጎተት ቆሜ ጽፌአለሁ፤ ቶሎ የሚያጥወለውለኝ ሰው አይደለሁም። «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ስሰማ ግን ምራቄ መረረኝ። እነዚህ ሦስት ቃላት አብረው የተቀመጡበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሱሉልታ፣ አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ሰዎች ጮማ እያላመጡ ሲያቀናጇቸው እዚያው ነበርኩ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ወሬ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። የምኖረው ቡራዩ ሲሆን የማቴዎስ ግድግዳ ተጋሪ ነበርኩ። ግድግዳው የጭቃ ስለነበር ጠዋት ሲጸልይ እሰማዋለሁ፤ እሱም እኔ ሬዲዮ ስከፍት ይሰማል። ሚስቱ ከአገር ቤት ቆጮ ሲመጣላት ከጎመን ጋር በሳህን ትልክልኛለች፤ እኔ ደግሞ ከከተማ ስመለስ ዳቦ እይዛለሁ። ጉርብትናችን ይኸው ነበር። ማቴዎስ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቀልድ ሲነገረው መጀመሪያ እውነት መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ አይደለም ሲባል ነው የሚስቀው።

የሚሠራው ከአስፋልቱ በታች ባለ አንድ የድንጋይ መቁረጫ ግቢ ነው። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ በገልባጭ መኪና የሚመጣውን ለቪላ ግንብ ልባስ እንዲሆን ስስ አድርገው ይቆርጡታል። መቁረጫው ክብ የብረት ዲስክ ነው። በዲስኩ ጠርዝ ዙሪያ ትንንሽ ጥርሶች ተበይደዋል፤ ድንጋዩን የሚበላው ብረቱ ሳይሆን በእነዚህ ጥርሶች ውስጥ የተቦካው የአልማዝ ብናኝ ነው። አልማዙ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ለቀለበት አይሆንም፤ ለድንጋይ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። የግቢው ባለቤት ጋሽ አስፋው የሚባል፣ ሲናገር የሰው ትከሻ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነበር። በዚያ ክረምት ከአንድ ነጋዴ በርካሽ ያገኛቸውን አዳዲስ ዲስኮች አስገባ። ካርቶኑ ላይ የአልማዝ ሥዕል አለ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከአዲሱ ዲስክ አንድ ጥርስ ማቴዎስ እጅ ላይ ተላቀቀ። ማሽኑን አጥፍቶ ለጋሽ አስፋው አሳየው። «አዲስ ዲስክ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፤ እየሠራህ ሲሄድ ይጠነክራል። ቀጥል» አለው። ማቴዎስ ጥርሱን ኪሱ ከተተው። ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ጥርስ ተወርውሮ ቀኝ ዓይኑን መታው፤ ማሽኑም ተበላሸ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ዓይኑ ወጣ።

ከሆስፒታል ሲመለስ ዝናብ ነበር። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጥግ ላይ ቆማ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ለመጥረግ አፈርኩ።

«የሚያሳስበኝ ዓይኑ አይደለም፣ ወንድሜ» አለኝ። «ዓይኑማ ሄደ። ‹ጥፋቱ ያንተ ነው› ብለው ካባረሩኝ ግን አንድ ዓይና ቆራጭ ማን ይቀጥራል? ያውም ማሽን ሰበረ የተባለውን።» ከዚያ ከኪሱ የቅዳሜውን ጥርስ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ከጥፍር ትንሽ የሚበልጥ ነገር ነው። እጄን አጠቆረኝ።

ጋሽ አስፋው ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ እሱ ራሱ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ኢንጂነርና ሦስት ሽማግሌዎች። ስብሰባው ለረቡዕ ተጠርቶ ነበር። ረቡዕ ጾም መሆኑን አንደኛው ሽማግሌ ሲያስታውሱ ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ ቦታውም ከግቢው ቢሮ ወደ ሱሉልታ ሥጋ ቤት ተቀየረ። ይህን የምጽፈው ለማሾፍ አይደለም። በዚያ ሁሉ ሂደት ውስጥ ሁሉም የተስማሙበትና ማንም ያልጣሰው ደንብ እሱ ብቻ ስለነበር ነው። ማቴዎስ አልተጠራም። እኔ የተጠራሁት ጋዜጠኛ አብሮ ቢበላ ይሻላል ተብሎ መሰለኝ።

በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ፣ እንጦጦን በሚኒባስ ተሻግሬ ስደርስ ሜዳው ውሃ ተኝቶበት ጉሙ መሬት ነክቶ ነበር። በበጋ እዚያ መንገድ ላይ የሣር ሽታ ደስ ይላል። ያን ቀን ግን በር ላይ ገና ያልደረቀ ቆዳ ተጥሎ ዝናብ ይወርድበት ነበር፤ የሚሸተው እሱ ነው። ከውስጥ ሰዎቹ ጀምረዋል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ አሉ፤ ሦስተኛው ኦቦ ገመቹ ጉልበታቸውን አሟቸው ቡራዩ ቀርተዋል። በሳህኑ ላይ ሻኛና ጮማ ተቆልሏል። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ከአፉ ጠርዝ ስብ እየጠረገ እጁን ሸሚዙ ላይ ያብሳል። ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔ ዳቦና ሚሪንዳ አዘዝኩ።

«ይሄ ልጅ ጾመኛ ነው እንዴ?» አለ ጋሽ አስፋው።

«ሐሙስ ነው አስፋው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ «ለዛሬ ተፈቅዷል።» ሳቁ።

ኢንጂነሩ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥሩ ሹራብ የለበሰ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነበር። የዲስኩን ናሙና ላቦራቶሪ አስመርምሮ ውጤቱን ይዞ መጥቷል። ውጤቱ አጭር ነው፦ ጥርሱ ውስጥ ብረት አለ፣ ካርቦን አለ።

«አልማዝ ማለት ካርቦን ነው» አለ። «ተጨማሪ ነገር የለውም። ካርቶኑ ካርቦን ይላል፤ ላቦራቶሪው ካርቦን አገኘ። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአሠራር ነው።»

«እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ሞራስ?» አልኩት። «እሱም ካርቦን አይደል?»

ቢላዋውን አስቀመጠና አየኝ። «ጋዜጠኛው፣ ኬሚስትሪ ስንት ነበር የምታመጣው?»

«ለማለፍ የሚበቃ።»

«እንግዲያው ተማር።»

የስቴኪኒውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ሳበ። አንድ ቁራጭ ቀይ ሥጋ መሐል አድርጎ አራት ስቴኪኒ ሰካበት፤ በአራቱ ጫፍ አራት ቁራጭ ጮማ ሰካ። ሳህኑ ላይ በሦስት እግሩ ቆመ፤ አራተኛው ወደ ላይ ቀጥ ብሏል።

«መሐል ያለው ካርቦን ነው። ጎረቤቶቹ አራት ናቸው። አራቱም ወጥረው ይዘውታል፤ የትም አይላወስም። ይሄንኑ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ደጋግመው። ክሪስታል ማለት ይሄው ነው፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ሳትሳሳት ስትደጋገም። ክፍሏን ዩኒት ሴል እንላታለን። ይሄ አልማዝ ነው።» ከዚያ ስድስት ቁራጭ በሳህኑ ላይ ክብ አድርጎ በስቴኪኒ አያያዘ። «ይሄ ደግሞ ግራፋይት፤ ያንተ እርሳስ። ቀለበቱ ወደ ጎን ሲደጋገም እያንዳንዱ የያዘው ሦስት ጎረቤት ብቻ ነው። እንደ ማር እንጀራ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ይቀመጣል፤ የሚያጣብቃቸው ነገር ደካማ ስለሆነ ይንሸራተታሉ። ስትጽፍ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የተንሸራተተው ነው። አሁን ሁለቱም ምንድን ናቸው?»

«ሥጋ!» አለ ጋሽ አስፋው። ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ካርቦን» አለ ኢንጂነሩ፣ እሱም እየሳቀ።

«ዲስኩ ውስጥ ያለውስ የትኛው ነው?» አልኩት።

አልማዙን አነሳና አዋዜ አስነክቶ መሐሉን በላው። አንዱን ስቴኪኒ ነቅሎ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅነው።

«እሱን ላቦራቶሪው አልተጠየቀም» አለ።

ሐሰት አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ውሸታም አነጋግሬአለሁ፤ እንደ እሱ ያስጠላኝ የለም። ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ይፈራዋል። ይሄ ሰው እውነቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አሳምሮ ያስረዳል፤ ከዚያ ይውጠዋል።

ውሳኔው ሳህኑ ሳይነሳ አለቀ። «የጥንቃቄ ጉድለት ይባል» አለ የጽሕፈት ቤቱ ሰው። «የራሱ ይግባበት» አለ ጋሽ አስፋው። «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» ብለው ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጨመሩበት፤ ፍልሰታ ሳይገባ ይታረቁ፤ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አስፋውም በጥበቃ ሥራ ያቆየው፤ ለሚስቱም ግቢው ውስጥ ክፍል ይስጣት።

«ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?» አልኩ።

«ማሽኑን ያበላሸው ነዋ!» አሉኝ አንደኛው፣ ልጅ እንደሚገሥጹ።

በእኛ አገር እርቅ ላይ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳይ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ነገሩ ዳግም ላይነሳ ይዘጋል። ደም ያደረቀ ወግ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ዓይኑ የጠፋውን ሰው ድንጋይ ማሸከም ግን ከየትኛው ወግ እንደተገኘ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

በማግስቱ ቡራዩ መምህርት ሰናይት ቤት ሄድኩ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ስለተዘጋ ቤታቸው ነበሩ። የኢንጂነሩን የሥጋ አልማዝ ስነግራቸው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«መብላቱስ ይሁን» አሉ፤ «ግን የሰካው ዩኒት ሴሉ አይደለም። አንድ አቶምና ጎረቤቶቹን ነው። የአልማዝ ዩኒት ሴል ኩብ ነው፤ ስምንት አቶም ይቆጠርለታል። ያንን ሳታጣራ እንዳትጽፍ።» የነጠላቸውን ጥለት ወደ እኔ አዙረው አንዷን መስቀል በጣታቸው ነኩ። «ሸማኔው ይቺን አንዷን ነው ከዳር እስከ ዳር የደጋገመው። ክሩ ያው ክር ነው፤ የምትደጋገመው ስትለያይ ጥለቱ ይለያል። አልማዝና ግራፋይትም በክር አይለያዩም። ሰውየው የተጠየቀው ስለ ጥለት ነበር፤ የመለሰው ስለ ክር ነው።»

«አልማዝ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ለትክክለኛው መልስ በራጅ ማየት ነው፤ ጨረሩ አደራደሩን ያሳያል። ለሽማግሌ ግን ጠርሙስ ይበቃል። አልማዝ ያለበት ጥርስ ጠርሙስ ይጭራል።»

የለስላሳ ጠርሙስ አመጡ። ማቴዎስ የሰጠኝን የዲስክ ጥርስ ተቀብለው ደጋግመው ገፉበት። ግራጫ መስመር ቀረ። በአውራ ጣታቸው ሲጠርጉት ጠፋ፤ ከሥሩ ጠርሙሱ እንደነበረ ነው። ወንድማቸው ከሚሠራበት ግቢ የመጣ የድሮ ዲስክ ጥርስ ነበራቸው፤ በሱ ሲጭሩት ነጭ ጭረት ወጣ። ጭረቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ጥፍሬን ያዘው።

ቅዳሜ ጠዋት እርቁ ግቢው ውስጥ ተደረገ። ሌሊቱን የዘነበው ከድንጋይ ብናኝ ጋር ተቦክቶ ነጭ ጭቃ ሆኗል፤ ጫማ ይነክሳል። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ገመቹ ምርኩዛቸውን ይዘው መሐል ናቸው። የሱሉልታውን የሰሙት በወሬ ብቻ ነው። ማቴዎስ ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ሚስቱ ከአጥሩ ጎን፣ ነጠላዋን በሆዷ ላይ አጣፍታ።

ድንጋዩ ሳይነሳ በፊት ጠርሙሱን ይዤ ወደ ኦቦ ገመቹ ቀረብኩ።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ይዩልኝ።»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለ ጋሽ አስፋው። «ዜና አለቀና የእርቅ ሥራ ጀመርክ?»

«ተወው፣ ያሳየኝ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ማቴዎስ በሰጠኝ የዲስክ ጥርስ ጠርሙሱን ጫርኩት፤ ግራጫው መስመር ወጣ። «ይጥረጉት» አልኳቸው። በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፤ ጠፋ። መምህርቷ ባዋሱኝ በድሮው ጥርስ ጫርኩት። ጠረጉ፤ አልጠፋም። እንደገና ጠረጉ። ጥቁረቱ የቀረበትን ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው፣ አስፋው?» አሉ። «ልጁን በከሰል ነው ድንጋይ ያስቆረጥከው?»

«ካርቦን ነው ኦቦ። ኢንጂነሩ አረጋግጧል።»

«ጠርሙስ ካልጫረ ድንጋይ እንዴት ይቆርጣል?»

ጋሽ አስፋው እጁን እንደ ልማዱ ትከሻቸው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሸሹት። «እሺ፣ ይሁን» አለ፤ «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት። አሁን ዓይኑ ይመለሳል? ሥራና ቤት ሰጥቼዋለሁ። እርቁ ከቀረ ሁሉም ይቀራል፤ ክስ ካማረውም ይክሰስ፤ መንገዱ ክፍት ነው።»

ሁሉም ወደ ማቴዎስ ዞረ። እኔም ዞርኩ። አሁን የሚናገር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሚስቱን አየ። በቀረችው ዓይኑ ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት።

«ወንድሜ» አለኝ፤ «ደክመህልኛል፤ ጌታ ይባርክህ። ግን ተወው። ትናንት ማታ ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ያንተ ጥፋት እንዳልሆነ ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ። ቃል ነው የሰጠሁት። ድንጋዩን ስጡኝ።»

ኦቦ ገመቹ በምርኩዛቸው ተነሡ። «እኔ ይሄን አልመርቅም» አሉና ጭቃውን እየረገጡ ወጡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በሩ ለመድረስ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ አንድ የተቆረጠ ጠርዝ ድንጋይ አንሥተው ማቴዎስ ማጅራት ላይ አደረጉ። ተንበረከከ። ጋሽ አስፋው «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ አወረደለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ሁለቱ መረቁ። «ይህ ነገር ዳግም አይነሣ» አሉ። ማቴዎስ «አይነሣም» አለ። ከድንጋዩ የወረደው ነጭ ውሃ በፋሻው ሥር ሲገባ አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ዜናውን ጻፍኩ። ጠርሙሱንም፣ ጭረቱንም፣ የኢንጂነሩን መልስም እንዳለ አሰፈርኩ፤ የማቴዎስን ስም በጠየቀኝ መሠረት አላወጣሁም። ጋዜጣው ታተመ። በከተማው የተፈጠረ ነገር የለም። ሩት የተወለደችው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በጥበቃ ክፍሉ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሰበታ ተዛወረ፤ እኔም ባለፍኩ ቁጥር እየገባሁ እጠይቀዋለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ መቆፈር እናወራለን። ስለ ዲስኩ አንድ ቀን አንሥቼበት ቡናዬ እንዳይቀዘቅዝ አሳሰበኝ።

አንዳንድ ጊዜ ስለ ካርቦን አዲስ ነገር ሳነብ ያ ሳህን ይመጣብኛል። አንዱን የማር እንጀራ ንጣፍ ብቻውን ላጥ አድርገው ከብረት የጠነከረ ነገር እንዳገኙ አንብቤአለሁ፤ አጣርቼዋለሁ፤ እውነት ነው። ያው ካርቦን እንደ አደራደሩ ጌጥም፣ እርሳስም፣ መቁረጫም መሆኑ ሊያስደንቀኝ ይገባ ነበር። ለእኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ የጮማው ሽታ ነው። መምህርት ሰናይት የነገሩኝን ስምንቱን አቶም ኋላ ላይ ራሴ ከመጽሐፍ አመሳክሬአለሁ፤ የግራፋይቱ አራት ነው፤ በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው ርቀትም አንድ ንጣፍ ውስጥ በጎረቤታሞች መካከል ካለው ከእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ይንሸራተታል። የማላውቀው የሰዎቹን አደራደር ነው።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሩትን አጠገቤ ሳገኛት ጠየቅኋት። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ከድሮዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ወይም የሰማውን የደገመ የቤተ ክርስቲያን ሰው መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ጥር ላይ፣ አልጋ ላይ እያለ።»

«ስለ ዓይኑ የሚለውንስ?»

«እማዬ የነገረችኝን ይዤ ‹በተበላሸ ዲስክ ምክንያት› ብዬ ነበር። አባባ አሰረዘኝ። ‹በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት› በይ አለኝ። መልሼ አነበብኩለት። ‹እንደሱ ነው፤ እንዳትቀይሪው› አለ።»

ማቴዎስ «አይነሣም» ያለለት ጋሽ አስፋው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።